በየቀኑ ሣሉ፣ በየቀኑ ግን ሥዕል አትጨርሱ

ሥዕል መማር እፈልጋለሁ ላለ ሰው የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ «በየቀኑ ሣል» ይባላል። ልክ ነው። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ግን ምክሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ምን ልሣል? እንዴት? ብሎ ለሚጠይቅ የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ሰዉ በሙሉ ወኔ ይጀምራል፣ ጥቂት ሳምንት ይገፋል፣ ከዚያ ብሩሹ ሳይታጠብ ደርቆ ይቀራል። «በቃ፣ እኔ ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ይደመድማል። ይሄን ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ። ብዙውን ጊዜ ሰውየውን የጣለው ልምምዱን የያዘበት መንገድ ነው።

ትልቁ ችግር በየቀኑ አንድ ያለቀ፣ ለሰው የሚታይ ሥዕል ማውጣት አለብኝ ብሎ መነሳት ነው ባይ ነኝ።

ኢንክቶበርን ውሰዱ። በየዓመቱ በኦክቶበር ወር፣ 31ዱንም ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሥዕል በብዕር ቀለም መሣል ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጄክ ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀምረው ሐሳቡ የራሱን አሣሣል ማሻሻል ነበር። ግሩም ሐሳብ ነው። አሁን ግን ብዙ ሰው የሚሥለው ማታ ፖስት ለማድረግ ነው። ፖስት የሚደረግ ሥዕል ደግሞ ማማር አለበት። እንዲያምር ስንፈልግ የምናውቀውን እንደግማለን። ፊትን በጎን መሣል የሚቀናው ሰው ወሩን ሙሉ ፊት በጎን ይሥላል። ጣት መሣል የሚያስፈራው ሰው የሚሥላቸውን ሰዎች እጅ ኪስ እያስከተተ ወሩን ይጨርሳል። 31 ሥዕል ተቆጥሯል፤ ጣት ግን አሁንም ያስፈራዋል።

ከዚህ ይልቅ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል ያደረገውን ብንይዝ ይበጀናል። እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ያኔ ከለንደን ወጣ ብሎ በነበረው ሐምፕስቴድ ሆኖ ሰማይ ይሥል ነበር። ብዙዎቹ ላይ ዛፍም ቤትም የለም፤ ደመና ብቻ። ትንንሽ ወረቀት ላይ፣ በዘይት ቀለም፣ ደመናው ሳይበተን ቶሎ ቶሎ። ከጀርባቸው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ጽፎባቸዋል። ለኤግዚቢሽን ብሎ የሠራቸው አይደሉም። አንድ ነገር ማወቅ ፈልጎ ነበር፤ ደመና በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ነፋስ፣ ምን ይመስላል?

ለእኔ የዕለት ልምምድ ማለት ይህ ነው። ትንሽ ወረቀት፣ አንድ ጥያቄ፣ ከጀርባው ጽሑፍ።

ጥያቄ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ነጭ ኩባያ ላሳያችሁ። ኩባያውን መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ጀማሪ ከሆናችሁ እጃችሁ ቀጥ ብሎ ወደ ነጩ ቀለም ይሄዳል። ኩባያው ነጭ ነዋ! እስቲ ግን ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጥላው ብቻ ይቀራል። ከመስኮቱ የዞረው ጎን ከጠበቃችሁት በላይ ጠቁሯል። ከኋላው ብርሃን ያረፈበት ግራጫ ግድግዳ ካለ፣ ከግድግዳውም ሊጠቁር ይችላል። ነጭ ዕቃ ከግራጫ ጠቁሮ! አእምሮ ይሄን እሺ ብሎ አይቀበልም፤ ዓይን ግን ያየዋል። ወረድ በሉ። ጥላው ውስጥ፣ ከታች በኩል፣ ትንሽ ፈካ ያለ ቦታ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ እየመታው ነው። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ጨርቅ ካለ ቅላቱ ወደ ኩባያው ሲወጣ ታያላችሁ። ከሁሉም የጠቆረው ኩባያው ጠረጴዛውን የነካበት ቀጭን መስመር ነው። ንጹሕ ነጭ የሚያስፈልጋችሁ ምናልባት ከንፈሩ ላይ ለምታበራዋ ነጥብ ብቻ ነው።

የዛሬው ጥያቄ «የቱ ከየቱ ይጠቁራል?» ከሆነ የነገው «ጠርዙ የት ይጠራል፣ የት ይሟሟል?» ይሆናል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል ወይስ ወደ ቡናማ? ኩባያው ያው ኩባያ ነው። ሰው ዕቃ ሲቀያይር ያደገ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ያንኑ ዕቃ ሳምንት ሙሉ መሣል ይበልጥ ያስተምራል እላለሁ። ምን ልሣል እያሉ የሚባክነው ጊዜም ይቀራል። ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1842 እና በ1843፣ ማለዳ ማለዳ አንበሳ ይሥል ነበር። የሚሥለው ክፉን ለማራቅ ነው። አንበሶቹ ግን አንዱ ከሌላው አይመሳሰሉም፤ አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ይጨፍራል።

ቀለምም ቢሆን በዛ ማለት ለጀማሪ ጥቅም የለውም። አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና የሚባለው ቡናማ፣ ከነጭ ጋር ለረጅም ጊዜ ይበቃሉ። ሁለቱ ሲደባለቁ ግራጫ ይሰጣሉ። ሰማያዊው ሲያይል ግራጫው ይቀዘቅዛል፣ ቡናማው ሲያይል ይሞቃል። በየቀኑ መሥራት ጥቅሙ እዚህ ጋ በደንብ ይታያል። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ይፈዛል፤ አክሪሊክ ሲደርቅ ይጠቁራል። ይሄን ማንም ሊነግራችሁ ይችላል። ምን ያህል እንደሚፈዝ ወይም እንደሚጠቁር ግን እጃችሁ የሚያውቀው የትናንቱን ደርቆ ስታዩ፣ ዛሬም እርጥቡን ከጎኑ ስታስቀምጡ ነው። በወር አንዴ ለሚሥል ሰው ትናንት የሚባል ነገር የለውም።

ጊዜውን በተመለከተ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ዕቃው ከመሳቢያ የሚወጣ ሳይሆን ተዘርግቶ የሚጠብቅ ይሁን። አንድ ቀን ካመለጣችሁ አመለጠ፤ በማግስቱ ሁለት ሣልኩ ብሎ ዕዳ መክፈል አያስፈልግም።

ድግግሞሽ ስህተትንም ያጠነክራል የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይህን ስጋት በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ዓይንን ሁልጊዜ ወደ ግንባር አስጠግቶ የሚሥል ሰው ሺህ ጊዜ ቢደግመው ሺህ ጊዜ ያስጠጋል። ከጀርባው መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። «ጥላውን ፈራሁት፣ ፈዘዘብኝ» የሚል አንድ መስመር በቂ ነው። ወሩ ሲያልቅ ወረቀቶቹን በቀናቸው ደርድሯቸው። ያው መስመር አራት አምስት ጊዜ ከተጻፈ የሚቀጥለው ወር ጥያቄ ተገኘ ማለት ነው። የሚያርም ሰው ካገኛችሁማ የተሻለ።

ስለ ተሰጥኦ ደግሞ ቫን ጎህን ላንሳ። ሠዓሊ ለመሆን የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1880፣ በ27 ዓመቱ ነው። የጀመረው ሻርል ባርግ ለተማሪዎች ያዘጋጀውን የንድፍ መልመጃ ደጋግሞ በመገልበጥ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሕይወቱ የመጨረሻ ወራት፣ ያንኑ የባርግ መልመጃ እንዲልክለት ለወንድሙ ጽፏል። ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸውን ሥራዎቹን ሠርቶ ሳለ ወደ ጀማሪ መልመጃ ሊመለስ ፈልጎ ነበር።

ሥዕል ለምታስተምሩ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪው ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ «ስንት ሣልክ?» አትበሉት። ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። ባዶ ከሆነ «ምን ለማወቅ ነበር የሣልከው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ትምህርቱንም ከሚሰጣችሁ መልስ ጀምሩ።