ማስተካከያ፦ ጥፋቱ የፕሮግራሙ አልነበረም

የእጅ ኮምፒውተር ሬጅስትሪ (የሲስተሙ ቅንብሮች የሚመዘገቡበት ቋት) ማስተካከያ ፕሮግራሞችን ስገመግም፣ አንዱን «ዊንዶውስ ሞባይል 5.0 ላይ የተቀየረውን አያስቀምጥም» ብዬ ነጥብ ቀንሼበት ነበር። ተሳስቻለሁ።

የማይክሮሶፍትን የገንቢዎች ሰነድ ሳይ ነገሩ ሌላ ነው። ከዊንዶውስ ሞባይል 5.0 በፊት፣ እስከ ፖኬት ፒሲ 2003 ስሪት ድረስ ሬጅስትሪው የሚቀመጠው ራም (ኃይል ሲቋረጥ ባዶ የሚሆን ማህደረ ትውስታ) ላይ ነበር። ባትሪው ሙጥጥ ብሎ ካለቀ ሁሉም ነገር ድራሹ ይጠፋል። ከ5.0 ጀምሮ ማከማቻው ፍላሽ (ያለ ኃይልም መረጃ የሚይዝ ማህደረ ትውስታ) ሆነ። ባትሪ ቢያልቅም አይጠፋም፤ ግን የተቀየረው ቅንብር ፍላሹ ላይ እስኪጻፍ ትንሽ ይቆያል። እኔ ደግሞ የፊደል መሸጎጫውን (የፊደላት ቅርጽ ለጊዜው የሚያዝበትን ማህደረ ትውስታ) መጠን ወደ 32768 ቀይሬ፣ «እሺ» የሚለውን ነክቼ፣ ወዲያው ሶፍት ሪሴት (መሣሪያውን እንደገና ማስነሳት)! ለመጻፍ ፋታ አልሰጠሁትም። (ትዕግስት ድሮም የለኝም።)

በድጋሚ ስሞክር ለመጻፍ ፋታ እንዲያገኝ መጀመሪያ በማጥፊያው ቁልፍ አጥፍቼ አበራሁት፤ ከዚያ ሪሴት አደረግኩት። 32768 ቁልጭ ብሎ እዚያው አለ። የቀነስኩትን ነጥብ መልሻለሁ።

የእኔን ጽሑፍ አይታችሁ ፕሮግራሙን ያጠፋችሁ መልሳችሁ ጫኑት። ሬጅስትሪውን ከመነካካታችሁ በፊት ቅጂ ያዙ ያልኩት ግን እንዳለ ነው፤ ሃርድ ሪሴት (መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ) በአሮጌውም በአዲሱም ላይ የቀየራችሁትን ጠራርጎ ይወስደዋል።