ልጄን የት ጥዬ ልብላ?

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ምግብ ቤት በሩ ላይ የለጠፈው ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ በየስልካችን ሲዞር ሰነበተ። ያላያችሁት ካላችሁ ነገሩ አጭር ነው። ትንንሽ ልጆች የያዘ ደንበኛ አናስተናግድም ይላል። ምክንያት አልተጻፈበትም። ይቅርታ የሚል ቃል እንኳ የለውም።

ወረቀቱ አናዶኛል። ከወረቀቱ ይበልጥ ያናደደኝ ግን የተጨበጨበለት ጭብጨባ ነው። ልጅ ያለው ቤቱ ይብላ ያሉ አሉ። ልጅ ይረብሻል ያሉም አሉ። አንዳንዱ ደግሞ ባህል ጠቀሰ። በእኛ አገር ድሮም ልጅ ከአዋቂ ጋር ማዕድ አይቀርብም፣ ምግብ ቤቱ ምንም ነውር አልሠራም አለ።

የሁለት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከባህሉ ልጀምር። ጎንደር ላይ ቆሞ ስለ ማዕድ ባህል የሚያወራ ሰው ሙሉውን ማውራት አለበት። አዎ፣ ድሮ ልጆች ከአዋቂ እኩል መሶብ አይከቡም ነበር። አዋቂ እስኪበላ ቆመው ይጠብቃሉ። እጅ ያስታጥባሉ። ሲመሽ ኩራዝ ይዘው ያበራሉ። ግን የት ነበር የሚቆሙት? እዚያው ቤት ውስጥ፣ እዚያው መሶቡ አጠገብ ነው። አባት ጠቅልሎ ያጎርሳቸዋል። አያት የድርሻቸውን ታስቀርላቸዋለች። ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ከሆነ ደግሞ ቁም የሚለውም የለ። እናቱ ጭን ላይ ቁጭ ብሎ ከእሷ እጅ ይበላል። አዋቂ እስኪበላ ደጅ ውጣ ተብሎ በር የተዘጋበት ልጅ የትኛው ቤት ነበር? ባህላችን ልጁን ያስጠብቀው ነበር እንጂ አያባርረውም። ይህን የማያውቅ ሰው ባህሉን ባይጠራው ይሻላል።

ያ መቆም ደግሞ ትምህርት ነበር። ልጅ ማዕድ ላይ መቀመጥን የሚማረው ከማዕድ ሳይርቅ ነው። ሌላ ትምህርት ቤት የለውም። ከመብላት በፊት መታጠብን፣ በቀኝ እጅ መቁረስን፣ ከፊት ከፊት መብላትን፣ ሌላው ሰው ፊት ያለውን ሥጋ አለመንካትን ማን በቃል አስጠናን? ማንም። አይተን ነው። ስናጠፋ እጃችን ላይ ቸብ ተደርገን ነው። ታላቅ ሳይጀምር አለመጀመርን የተማርነው ታላቁ ፊት ቆመን ነው። ጸሎት ሳይደረስ እንጀራ አለመንካትን የተማርነው ጸሎቱ በሚደረስበት ቤት ውስጥ ነው። ልጄ ገና ብዙ ቃል አልያዘችም፤ ማስታጠቢያ ስታይ ግን ሁለት እጇን ትዘረጋለች። አስተምሬያት አይደለም፣ የእኛን እጅ አይታ ነው።

የምግቡም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ሕፃን አዲስ ምግብ ለመልመድ 8 ወይም 10 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ እንደሚያስፈልገው የልጆች አመጋገብ ባለሙያዎች ደጋግመው ይናገራሉ። ይህን ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጄ ቤት ውስጥ የተፋችውን ጎመን ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሰው ሲበላው አይታ እኔም ትላለች። ቀይ ሥር ስትቀምስ ያየኋት በያይነት ከብበን ስንበላ ነው።

ምግብ ቤት ደግሞ ቤት ውስጥ የማይገኝ ትምህርት አለው። ያዘዙት እስኪመጣ መጠበቅ አለ። የማያውቁት ሰው አጠገብ ድምፅን ዝቅ ማድረግ አለ። አስተናጋጇን እግዜር ይስጥልኝ ማለት አለ። የሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ አለማፍጠጥ አለ። ይህን ሁሉ የሁለት ዓመት ልጅ በአንድ ቀን አይችለውም። ዛሬ ትንሽ ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። አድጎ ሥርዓት እስኪይዝ እንዳይገባ ካደረግነው ሥርዓቱን ከየት ያመጣዋል? ስድስት ዓመት ሲሞላው ምግብ ቤት ገብቶ ሲረብሽ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች የዛሬ ልጅ ስድ ነው ይላሉ።

ባህል ከተጠቀሰ ቤተ ክርስቲያንንም እንጥቀስ። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥጋ ወደሙ ትቀበላለች። ቅዳሴ ላይ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል። ካህኑ ቅዳሴውን አያቆምም፤ እናቲቱን ውጪ የሚላት የለም። ቁርባን ሲሰጥም ከምእመኑ ቀድመው የሚቀበሉት ሕፃናት ናቸው። አዲስ ዓለም ሰፈር በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት የገባ ሰውም ልጆች የት እንደሚቀመጡ ያውቃል። ጾሙ አይመለከታቸውም፣ ማዕዱ ላይ ግን አሉ። እግዚአብሔር ፊት የተፈቀደላት ልጅ ጥብስና ሽሮ ፊት ስትከለከል ማየት ያሳፍራል።

አሁን ወደ ጩኸቱ ልምጣ። ልጅ ይጮሃል፣ ደንበኛ ይረበሻል ተባለ። የከተማችንን ምግብ ቤቶች እናውቃቸዋለን። ሙዚቃው ጎኔ የተቀመጠ ሰው የሚለኝን እንኳ አያሰማም። የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ያለ ቀን ጎል ሲገባ ቤቱ ይናወጣል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ በር ላይ ይነሣል። አንዱ ስልኩን ላውድ አድርጎ ከዘመድ ጋር ያወራል፣ ሌላው ቲክቶክ ከፍቶ ለቤቱ ሁሉ ያሰማል። ሁለተኛ ጠርሙስ ያለፈ ሰው ድምፁ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ለእነዚህ ሁሉ አንድም ወረቀት አልተለጠፈም። የሕፃን ለቅሶ ጡት ወይም ጉርሻ ሲያገኝ ያቆማል። ስፒከሩ ግን እስከ መዝጊያ ሰዓት አያቆምም።

ሲጋራውንስ? በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብ ቤት ውስጥ ማጨስ የተከለከለ ነው። ሕግ የከለከለውን አጫሽ ዝም የሚል ባለቤት ሕግ ያልከለከላትን ሕፃን በወረቀት ሲከለክል ነውሩ የማን ነው? ያው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። እኛ መጠጥ ቤት ነን የሚል ካለ እስማማለሁ፣ ልጅ እዚያ ምን ይሠራል? እኔ የማወራው ምሳ ስለሚሸጥ ቤት ነው።

እዚህ ላይ የማይወራ ነገር አለ። ይህ ክልከላ ልጅ ላይ የተጣለ ይመስላል እንጂ የወደቀው እናት ላይ ነው። አባት ከጓደኞቹ ጋር ሥጋ ቤት ቁጭ ብሎ ቁርጥ ሲያወራርድ ልጅህን የት ጣልከው ብሎ የጠየቀው ሰው አለ? የለም። ልጁ ከማን ጋር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የቤቱ ሥራ በማን ላይ እንዳለ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ጠዋት ታጥባ፣ ቀን ሥራ ውላ፣ ማታ አብስላ የምታድር ሴት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሌላ ሰው የሠራውን ምግብ ቁጭ ብላ ልብላ ብትል ልጅሽን ጥለሽ ነይ ትባላለች።

ጥላ የምትሄደው ለማን ነው? ሞግዚት የመቅጠር አቅም ያለው ስንቱ ነው? አቅሙ ያለውስ በማን ያምናል? እኛ እኮ ሕፃናት ታግተው ገንዘብ የተጠየቀባቸውን፣ ሕይወታቸው ያለፈውንም ያየን ከተማ ነን። ጎንደር ውስጥ ዛሬ እናት ልጇን ከዓይኗ ለማራቅ ትፈራለች። ጎረቤት ቤት ትታ ሱቅ መሄድ እንኳ ልቧን ያርዳል። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ከተማ ልጅሽን ቤት ጥለሽ ነይ የሚል ሰው የሚናገረውን አያውቅም። ይህን የምለው ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬንም አልደብቅም።

ቤቱ የግሌ ነው፣ የፈለግሁትን አስተናግዳለሁ የሚል ክርክርም አለ። ቤቱ የግሉ ነው። ንግዱ ግን ለሕዝብ የተከፈተ ነው። ደግሞስ የከተማችንን ምግብ ቤቶች እስከዛሬ ያቆያቸው ማን ነው? ግንቡን ሊያይ የሚመጣው ቱሪስት መጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎ በጦርነቱ፣ አሁን ደግሞ በጸጥታው ችግር ቀርቷል። ለጥምቀት ከሚመጣው እንግዳ ውጪ ዓመቱን ሙሉ ወንበሩን የሚሞላው የከተማው ሰው ነው። የተመረቀ ልጅ ያለው፣ ዘመድ የመጣበት፣ ደመወዝ የተቀበለ ቤተሰብ ነው። ለክርስትና ድግስ አዳራሽ የሚያከራዩት፣ ለልደት ኬክና ፊኛ የሚያዘጋጁት እነዚሁ ቤቶች ናቸው። የሕፃኗን ድግስ ገንዘብ ተቀብሎ ሕፃኗን በሳምንቱ ከበር መመለስ ምን የሚሉት ንግድ ነው?

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ልጁን ለቆ ስልኩ ላይ የሚያፈጥ ወላጅ አለ። ልጁ በአስተናጋጆች እግር መሀል ይሮጣል፣ አስተናጋጇ የሚፈላ ተጋቢኖ ይዛ ትመጣለች። ይህ ቀልድ አይደለም። የሸክላ ሽሮ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላም ይንተከተካል፤ የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የምትዘረጋው ወደ እሱ ነው። ቡና የሚፈላበት ከሰልም መሬት ላይ፣ ቄጤማው መሀል ነው ያለው፤ ልክ በእሷ ቁመት። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ቆሎና ኦቾሎኒም ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በፍቅር ብዛት ልጄ አፍ ውስጥ ኦቾሎኒ ሊጨምሩ ሲሉ እጃቸውን የያዝኳቸው ሰዎች አሉ።

ግን ይህ ሁሉ መፍትሔ አለው፤ መፍትሔው ደግሞ ርካሽ ነው። ልጁን የለቀቀ ወላጅ ካለ ለዚያ ወላጅ ንገሩት። ያስቸገረ ሰካራም ሲኖር ሰካራሙን ታስወጣላችሁ እንጂ ከነገ ጀምሮ ወንድ አይገባም ብላችሁ አትለጥፉም። የቡናውን ከሰል ጥግ አስይዙት፣ ዙሪያውን በርጩማ ክበቡት። ሽሮው ሲመጣ ከልጅ እጅ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ማዕዘን ላይ ያለውን ጠረጴዛ ልጅ ለያዘ ሰው ተዉለት።

ከሁሉ በላይ የልጁን ምግብ አስቀድሙ። የሁለት ዓመት ልጅ የምታስቸግረው ሲርባትና ሲሰለቻት ነው። አንድ ሰዓት ካስጠበቃችኋት ታለቅሳለች፤ የዚያን ጊዜ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እኛም የድርሻችንን እናደርጋለን። ሰው ሳይበዛ፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ እንመጣለን። የደፋችውን በሶፍት እንጠርጋለን። ልትነጫነጭ ስትጀምር ይዘናት ወጣ እንላለን፤ ደጋግመን አድርገነዋል። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ያሉት ወላጅን ብቻ አይመስለኝም። በአንድ ከተማ አብረን የምንኖር ሰዎችንም ይመለከታል።

የልጅ ወንበር የላችሁም፤ ግድ የለም፣ ጭናችን አለ። ዳይፐር የምንቀይርበት ቦታ የላችሁም፤ በዚህ እንኳ ብታስቡበት ጥሩ ነበር፤ ለጊዜው ግን እሱንም እንደምንም እንወጣዋለን። ልዩ ምግብ አብስሉልንም አላልንም። በርበሬ የሌለው አልጫ ኩሽናችሁ ውስጥ አለ። ድንቹን ለብቻ አውጥታችሁ በትንሽ ሳህን ስጡን። ረቡዕና ዓርብ ከሆነም ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም፤ አንድ እንቁላል ቀቅሉልን። ሂሳቡን እንከፍላለን።