መርፌ የአዲስ አበባ ጣጣ ብቻ አይደለም

የባሕር ዳር ሰው፣ እስቲ እንነጋገር። ጣና ዳር ሳር ላይ ዕፅ የተወጉበት ያገለገለ መርፌ ስናይ ከንፈር መጠጥ፣ «ይሄ የአዲስ አበባ በሽታ እዚህም ደረሰ?»፣ ከዚያ በጫማ ጫፍ ወደ ውሃው ገፋ። እዚያ ውሃ ውስጥ እኮ ልጆች በባዶ እግር ይገባሉ! በመቆንጠጫ አንሱት፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ከታችሁ ክደኑትና ጤና ጣቢያ ስጡት። በእጅ አይነካም።

ትንሽ ከተማ አይነካውም ያለውስ ማነው? አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ኦስቲን የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዋ 4,000 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያና ዙሪያዋ ኤችአይቪ እንደ ሰደድ ተነሳ፤ ከ200 በላይ ሰው ተያዘ። የህመም ማስታገሻ ኪኒን እያሟሙ፣ በአንድ መርፌ እየተቀባበሉ ይወጉ ነበር። ንጹህ መርፌ ማደል ደግሞ ያኔ በግዛቱ ሕግ ክልክል ነበር። አገረ ገዥው ማይክ ፔንስም ነገሩን አይወዱትም ነበር፤ ሲብስ ግን መጋቢት ላይ አስቸኳይ አዋጅ አውጥተው ፈቀዱ። አሮጌውን አምጣ፣ አዲሱን ውሰድ፣ በዚያው ተመርመር፣ መድኃኒት ጀምር። አዲስ የሚያዘው ሰው ቀነሰ። (በ2021 የአካባቢው ሹሞች ይዘጋ ብለው ወሰኑ። ሰው መቼ ይማራል!)

ሩቅ አገር ነው እንዳትሉኝ። ጎረቤታችን ኬንያም በባሕር ዳርቻ ከተሞቿ ንጹህ መርፌ ታድላለች፤ ማሊንዲ ደግሞ ናይሮቢ አይደለችም።

«ሱስ ማበረታታት ነው» የምትሉ፣ ኮንዶም ሲታደልም «ብልግና ማስፋፋት ነው» ተብሎ ነበር። ስንቱን ቀብረን ነው ዝም ያልነው?

በቀደም አንድ ፋርማሲ ውስጥ ልጅ እግር ወጣት ሲሪንጅ ጠየቀ። ሻጯ ከላይ እስከ ታች ገላምጣው «ለምንህ ነው?» አለችው፤ እኛም ተራ የያዝነው ሁሉ ዞረን አፈጠጥንበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሳይገዛ ወጣ። ለስኳር ታማሚ እናቱም ሊሆን ይችላል። ለራሱ ከነበረም ያን ቀን ሱሱ አልለቀቀውም፤ የጓደኛውን መርፌ ይዋሳል። ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ደግሞ ሲሪንጅ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል።

ፋርማሲ የምትሠሩ፣ ሽጡለት። የት እንደሚመረመርም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ንገሩት። እኛ ተራ የያዝነው ደግሞ ዓይናችንን ከልጁ ላይ እናንሳ።