ማስተካከያ፦ የከሰል ማንደጃው ወደ ቤት አይግባ
ለፋሲካ የበግ ጎድን በከሰል ስለ መጥበስ ስጽፍ «ዝናብ ከመጣ ማንደጃውን ሳሎን አስገቡና መስኮት ክፈቱ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መስኮት መክፈት አይበቃም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ አመድ ከለበሰ በኋላ እንኳ መውጣቱን አያቆምም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ሁላችሁም ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ። እባካችሁ፣ ልጆችና እንግዶች በተኙበት ቤት ፍም አታሳድሩ። ዝናብ ከጣለ ጎድኑን በኤሌክትሪክ ምድጃ በመጥበሻ ጥበሱት፤ የጭሱ ጣዕም ቢቀርም የጥብስ ቅጠሉ ይክሰዋል።

ለዶሮ የውስጥ ሙቀት ብዬ የጻፍኩት 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድም ስህተት ነው። እሱ ከእሳት ወርዶ 3 ደቂቃ ለሚያርፍ ሙሉ የበግና የበሬ ሥጋ ቁራጭ ነው። ዶሮ 74 ይድረስ፤ ቴርሞሜትሩን አጥንት ሳታስነኩ ወፍራሙ ቦታ ላይ ሰኩት።