ሐረጎን የሚይዝ ጎማ ጠየቅኩ እንጂ የማያልቅ ጎማ አልጠየቅኩም

ዛሬ ይቺን ብሶት ካልተነፈስኳት እንቅልፍ አይወስደኝም። ጎበዝ፣ እኛ አገር ጎማ መግዛት ለምንድን ነው እንዲህ ሰው የሚያቃጥለው? ዋጋውን ተዉት፣ ዋጋው የሁላችንም ቁስል ነው። ዶላር ጨመረ፣ ዕቃ ጠፋ፣ ሰምተነዋል። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ደሴ ፒያሳን ጨርሼ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ በገባሁበት ሱቅ ሁሉ «ይሄ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ ይይዛል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። የሁሉም መልስ አንድ ነው።

«አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ ድንጋይ ነው! ልጅሽ ይነዳበታል፣ አያልቅም!»

መቼ ያልቃል ብዬ መች ጠየቅኩ? ይይዛል ወይ ነው ያልኩት። ደግሞስ ድንጋይ የሆነ ጎማ ምን ያደርግልኛል? የጎማ ላስቲክ እየጠነከረ በሄደ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል፣ መሬት የመያዝ አቅሙ ግን ይቀንሳል። እየለሰለሰ ሲሄድ ደግሞ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይበላል። ሁለቱን ባንድ ላይ እስከ ጥግ የሚሰጥ ጎማ የለም። ስለዚህ ሻጩ «ድንጋይ ነው» ብሎ ሲያሞግስልኝ እኔ የምሰማው «ዝናብ ላይ አይይዝሽም» የሚለውን ነው።

አካባቢውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ በመካከላቸው ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። ይህንን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው የምንወጣውና የምንወርደው። አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ስትሉ ሌላው ይቀበላችኋል። ከጂቡቲ ጭኖ በባቲ በኩል የመጣ ተሳቢ ከፊታችሁ እያቃሰተ ይወጣል፣ ጭጋጉ ሲወርድ የመኪናችሁን አፍንጫ እንኳ አታዩም። ወሎ ላይ ደግሞ ክረምት ብቻ አይደለም የሚዘንበው፣ በልግም አለ። ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ካፊያ ጠብ ሲል አስፋልቱ ላይ የከረመው አቧራና የናፍጣ ጠብታ ከውሃው ጋር ይለወስና መንገዱ ያሟልጫል። ከዶፉ ይልቅ ያቺን የመጀመሪያዋን ካፊያ ነው የምፈራት።

መኪና ተንሸራቶ ገደል አፍ ላይ ሲቆም ወሬው ሁሌም «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ትቶ ከላይ እስከ ታች ፍሬን ረግጦ የወረደ ሰው ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይለዋል። ነገር ግን እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው ተቆልፎ የተንሸራተተ መኪና ፍሬኑ ምን አጠፋ? ፍሬኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ይዞታል። መሬቱን ያልያዘው ጎማው ነው። መኪናችን ከአስፋልቱ ጋር የምትገናኘው እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ በሚያህሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው። በመሪ ያዘዝነው፣ በፍሬን ያዘዝነው፣ ሞተሩ የሚገፋው ሁሉ በእነዚያ አራት ቦታዎች በኩል ያልፋል። ለሞተር ዘይት ሦስት ሰው አማክረን የምንገዛ ሰዎች ጎማ ላይ ስንደርስ «ርካሹ የቱ ነው?» ብቻ ብለን እንወጣለን።

ማታ ማታ ቪዲዮ የምመለከትለት አንድ ነገር አለ። ጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ የሚባል የመኪና መወዳደሪያ መንገድ አለ። ኖርድሽላይፈ የሚሉት ረጅሙ ዙር እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ ነው፤ ዛሬ አንድ ዙሩ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቦታው መካከል 300 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ውድድር በሌለበት ጊዜ ተራ ሰው ከፍሎ በራሱ መኪና ይነዳበታል። እንዲህ ባሉ ዝግ መንገዶች ላይ ሰው መኪናውን ይዞ መጥቶ እስኪበቃው የሚነዳበትን ቀን ትራክ ዴይ ይሉታል። እስቲ አስተያዩት። የእኛ መንገድ በርዝመት ይበልጠዋል፣ የከፍታ ልዩነቱ ደግሞ እጥፍ ነው!

እነዚያ ሰዎች ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ሞተር ጉልበት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ስለ ጎማ ነው፣ ከዚያ ስለ ፍሬን ሸራና ስለ ፍሬን ዘይት። ሁሉም ሀብታም አይደለም። አሮጌ ማዝዳውን በደመወዙ የሚያኖር ልጅ የታላላቆቹን ፋብሪካዎች ጎማ መግዛት ሲያቅተው የታይዋኑን ናንካንግ ኤንኤስ-2አር ይገዛል፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ መሬት ግን ይይዛል። ርካሽ ጎማ ሁሉ አይይዝም የሚባለው ትክክል አይደለም ማለት ነው። ዋናው ምን እንደምትገዛ ማወቅህ ነው። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱን ይለካል፣ ነድቶ ሲመለስ እንደገና ይለካል፣ ደብተር ላይ ይጽፋል። ይህ ሁሉ ለአንድ ቀን ደስታ! ከፊቱ የሚመጣበት መኪና የለም፣ ራሱ ላይ ቁር አድርጓል። ሐረጎ ላይ ግን ከፊታችን ተሳቢ ይመጣል፣ ከኋላ ወንበር ላይ እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ታዲያ ስለ ጎማ የበለጠ መጠየቅ የነበረብን እኛ አይደለንም?

የባሰ የሚያበሳጨኝ መልሱ ጎማው ላይ ተጽፎ መቀመጡ ነው። ለአሜሪካ ገበያም የሚሆን የቤት መኪና ጎማ ከሆነ ጎኑ ላይ ትሬድዌር፣ ትራክሽን፣ ቴምፕሬቸር (ሙቀት መቋቋም) የሚሉ ጽሑፎች አሉት። ትሬድዌር የማለቂያው ነገር ነው። መነሻው 100 ነው፤ 200 የተጻፈበት በፈተናው ከመነሻው እጥፍ ቆይቷል ማለት ነው። የትራክ ዴይ ልጆች የሚፈልጉት 200ና ከዚያ በታች ነው። የተለመደው የቤት መኪና ጎማ 400 እና 500 አካባቢ ይገኛል፤ 700 የሚልም አለ፣ ለዕድሜ ብሎ የተሠራ። ቁጥሩን የሚሰጠው ራሱ አምራቹ ስለሆነ የአንዱን ፋብሪካ ከሌላው ጋር ለማመዛዘን ብዙም አትመኑት፤ የአንድ ፋብሪካን ሁለት ጎማ ለማወዳደር ግን ይጠቅማል። ትራክሽን የሚለው ደግሞ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዴት እንደሚይዝ የሚናገር ነው፤ ከላይ ደብል ኤ፣ ቀጥሎ ኤ፣ ቢ፣ መጨረሻው ሲ። የሚለካው ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው፣ ኩርባን አይለካም። ቢሆንም ከምንም ይሻላል። አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ጎማ ላይ የእርጥብ መንገድ አያያዝን በፊደል የሚገልጽ ወረቀት አብሮ እንዲቀርብ አስገድዳለች፤ አሁን ደረጃው ከኤ እስከ ኢ ነው። የሚኒባስ ሹፌሮች፣ የእናንተ መጠን ቁጥር መጨረሻ ላይ ሲ ያለበት ጎማ ስለሆነ ያንን የአሜሪካ ደረጃ አታገኙበትም፤ የአውሮፓውን ፈልጉ።

ይህን ለአንድ ሻጭ እያሳየሁ «ወንድሜ፣ ይሄኛው ቢ ነው የሚለው፣ ኤ የሚል የለህም?» አልኩት። «እሱ የፋብሪካ ቁጥር ነው፣ አንቺን አይመለከትሽም። ባልሽን ላኪውና እንነጋገራለን» አለኝ። መኪናዋ የእኔ ናት፣ ብሩን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ በጭጋግ መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። ማንን ነው የምልከው? ጥሎልኝ የሄደው ንዴት እስካሁን አልወጣልኝም።

ደግሞ «ይቺ ሴትዮ የውድድር ጎማ ለቪትዝ ፈለገች» እንዳትሉኝ። አልፈለግኩም። የትራክ ጎማ ሥራውን የሚሠራው ሲሞቅ ነው፤ በታኅሣሥ ማለዳ ከጦሳ ተራራ ሥር ተነስቶ ለሚወጣ ሰው እስኪሞቅ ድረስ ይደርቅበታል። ጥርሱም ጥልቅና ብዙ ስላልሆነ ውሃ በቋጠረ አስፋልት ላይ ውሃውን አስወጥቶ መሬት አይነካም፣ ይንሳፈፋል። የእኔ ጥያቄ መካከለኛ ነው። ትሬድዌሩ 300ና 400 አካባቢ ይሁን፣ ትራክሽኑ ከኤ አይነስ፣ ጥርሱ ጥልቅ ይሁን። ቶሎ ቢያልቅብኝ እኔ ልክሰር፤ ሁለት ዓመት ይይዘኝና ይለቅ። በጠጠር መንገድ ድንጋይ ጭኖ የሚውል የሲኖትራክ ሹፌር ጠንካራ ጎማ ቢመርጥ እንጀራው ነው፣ አከብረዋለሁ። ለእሱ የሚሸጠውን ሐሳብ ለእኔ አምጥቶ መሸጥ ግን ልክ አይደለም።

የጎማው ዕድሜስ? ዶት ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ካለው ረጅም ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሙሉው ኮድ አንዳንዴ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ጎማውን አገላብጣችሁ ፈልጉት። «አዲስ ነው እኮ፣ ወረቀቱ እንኳን አልተነሳም!» ይሉኛል። ወረቀቱ ባይነሳም ላስቲኩ ያረጃል። በኮምቦልቻ ፀሐይ ሱቅ በር ላይ ተደርድሮ የከረመ ጎማ ማንም ሳይነዳበት ይደርቃል፤ ላዩን ቀብተው ቢያብለጨልጩትም ውስጡ አይታደስም። ያረጀውን በአዲስ ዋጋ መሸጥ ምን ይባላል? ዓመቱን ሳነብ ፊቱ የሚለወጥ ሻጭ ሲያጋጥመኝ ደግሞ ሳያውቅ እንዳልሆነ ይገባኛል።

ሰልቫጁን፣ ያገለገለውን ጎማማ አታንሱብኝ። «ጥርሱን እይው፣ እንዲህ ያለ ጥርስ አዲሱ ላይም የለም» ብለው ያሳዩኛል። ጥርሱ እንደዚያ የበዛውና በቀጫጭን ስንጥቅ የተሞላው እኮ ለበረዶ አገር ክረምት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ነው፤ ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ምልክት አለበት። በረዶ የሌለበት ሞቃት አስፋልት ላይ ጥርሱ ስለሚላወስ ፍሬን ሲያዝ ርቆ ነው የሚቆመው።

ከሱቅ ወጥቼ ጎሚስታ ጋ ስደርስ ሁለተኛው ምዕራፍ ይጀምራል። አምና ሁለት ጎማ ነበር መግዛት የቻልኩት። «ጋሼ፣ አዲሶቹን ከኋላ ይግጠሙልኝ» አልኳቸው። እሳቸውም ከልባቸው አዝነውልኝ «ልጄ፣ ቪትዝ የምትጎተተው በፊት እግሯ ነው፣ አዲሱ ከፊት ነው የሚሆነው» አሉኝ። ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ ምክንያቱም ይገባኛል፤ የፊቱ ነው ቶሎ የሚበላው። ግን የፊት ጎማ ዝናብ ላይ ሲለቅ መኪናዋ ኩርባውን አልፋ ቀጥ ማለት ትፈልጋለች፤ ነዳጁን ስትለቂ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ ትመለስልሻለች። የኋላው ሲለቅ ግን ቂጧ ይዞርና ፊቷን ወደ መጣችበት ታዞራለች፤ ያንን ሐረጎ ላይ መልሶ የሚይዝ ስንት ሰው አለ? የጎማ አምራቾቹ ራሳቸው የተሻለውን ጎማ ከኋላ አድርጉ የሚሉት ለዚህ ነው። ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ ገጠሙልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።

ንፋሱም ያው ነው። የሹፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ቦታ ላይ ፋብሪካው ስንት እንደሚሞላ ለጥፎ ልኳል፤ እዚህ ግን ለሁሉም መኪና አንድ መጠን ነው፣ «ጠጠር እንዲል ነው» እየተባለ ይነፋል። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሐሉ ብቻ መሬት ይነካል፣ ያቺ መዳፍ የምታክል ቦታ ጭራሽ ታንሳለች። ሙቅ ጎማ ላይ አትለኩ፤ ጠዋት ሳይነዳ ለኩ። ይቺ እንኳን ብር አታስወጣም።

የጥርሱን ጥልቀት በተመለከተ ብዙ አገር ሕጉ 1.6 ሚሊ ሜትር ይላል፤ በጥርሶቹ መካከል ያሉት ጉብታዎች ከላዩ ጋር እኩል ሲሆኑ እዚያ ደረሰ ማለት ነው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ አለው። እኔ ሐረጎን በ1.6 አልወርድም። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ውሃ የማስወጣት አቅሙ በጣም ይደክማል፣ ዝናብ ላይ መሪው ሲቀልብኝ በእጄ እሰማዋለሁ። ጎረቤቴ «ገና ክረምቱን ያሻግርሻል» ይለኛል። አያሻግረኝም።

አሁን የቀሩት ሁለቱ አልቀዋል፣ ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ቢሆን እሄዳለሁ፤ 165/70አር14 መጠን፣ ትራክሽን ኤ ወይም ከዚያ በላይ፣ ከተሠራ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ጎማ ያለው ሱቅ የምታውቁ ጻፉልኝ። የጎኑን ጽሑፍ በፎቶ አንስታችሁ ብትልኩልኝ ደግሞ ምርቃቴን ትወስዳላችሁ። ሁለት ብቻ ነው የምፈልገው፤ እነሱ ከኋላ ይገባሉ፣ የአምናዎቹ ወደ ፊት ይመጣሉ።