የአዲሱ እድር ድንኳን

የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር መቼ እንደተመረጡ የሚያስታውስ የለም፤ የሚያስታውሱት ሁሉ ተቀብረዋል፣ ያውም በእድሩ ወጪ። ታች ያለው ባለወፍጮ እጁ ገንዘብ ሲገባ በስብሰባ ላይ ተነስቶ ደንቡ ይሻሻል አለ። "አንተ መጀመሪያ ወንበር መሸከም ልመድ" አሉት። አኩርፎ አራት ጓደኞቹን ሰበሰበና የራሱን እድር አቋቋመ። ከአሮጌው ግን አልወጣም። ሞት አይታመንማ!

ቻይና፣ ህንድና ብራዚልም ያኮረፉት በወንበር ነው። የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት ሆኖ የሚሾመው ሁልጊዜ አሜሪካዊ፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅቱ፣ የአይኤምኤፉ፣ ሹም ሁልጊዜ አውሮፓዊ ነው። በአይኤምኤፍ ከባድ ከባዱ ውሳኔ 85 በመቶ ድምፅ ይጠይቃል፤ አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ ይዛለች። ይህን ሂሳብ የእድራችን ገንዘብ ያዥ እንኳ አይስተውም። በ2010 እ.ኤ.አ. ለነቻይና ትንሽ ድምፅ ይጨመርላቸው ተባለ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ እሺ እስኪል 2015 አለቀ።

እነሱም መች ቁጭ ብለው ጠበቁ? በ2014 ሩሲያና ደቡብ አፍሪካን ጨምረው አምስት ሆኑና ብራዚል ውስጥ ፎርታሌዛ ላይ አዲስ ባንክ ለማቋቋም ተፈራረሙ። ቃል የገቡት መዋጮ እኩል፣ ለእያንዳንዳቸው 10 ቢሊዮን ዶላር። አዎ፣ በዶላር።

ከዚያ 2022 መጣ። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በሳምንቱ ባንኩ "ከሩሲያ ጋር አዲስ ሥራ አቁሜያለሁ" አለ። መሥራቹን! ምን ያድርግ፣ ከሚያበድረው ገንዘብ ብዙውን እሱም ከገበያ ተበድሮ ነው የሚያመጣው፤ ድንኳኑ ከአሮጌው እድር ሰፈር የተከራየ ነዋ።

እኛም ከጥር 2024 ጀምሮ እነዚህ አምስቱ ያሉበት ማኅበር፣ የብሪክስ፣ አባል ነን። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ተለቀቀ፤ አይኤምኤፍም 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደልን። አከራዬ እማማ ዜናውን ሰምተው ቡናቸውን አስቀመጡ።

"አዲሱ እድር ገብተናል አላልከኝም?"

"ገብተናል፣ እማማ።"

"ታዲያ ብሩን የሰጠን ማነው?"

"አሮጌው።"

"አዲሱስ ምን ሰጠን?"

"አብረን ፎቶ ተነስተናል።"

ትንሽ አሰቡ። "ፎቶውስ፣ ጥሩ ወጣ?"