በረዶን የሚያከርመው የውሽንፍሩ ትልቅነት አይደለም

ወንድሜ፣ «የበረዶ ውሽንፍር የሚወድና ሜዳው ነጭ ሆኖ እንዲከርምለት የሚፈልግ ያው አንድ ነው፤ ትልቅ ውሽንፍር ከመጣ በረዶው ይከርማል» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ አየር ማረፊያ በአንድ ውሽንፍር ብቻ 82 ሴንቲ ሜትር በረዶ ወርዶበታል። በአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ያለችው ሚኒያፖሊስ ከመዘገበቻቸው ሁሉ ትልቁ፣ የ1991ዱ የሃሎዊን ውሽንፍር፣ 72 ነው። ታዲያ በረዶ የሚከርመው የት ነው? ሚኒያፖሊስ! በጃንዋሪ እዚያ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዋሽንግተን ግን ከዜሮ በላይ 7 ይደርሳል። ብርዱ ካለ፣ በትንሽ በትንሹ የወረደውም ይደራረባል። አዲስ በረዶ ደግሞ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን 80 በመቶውንና ከዚያም በላይ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ራሱን በራሱ ያቆያል።

ሌላው፣ «በረዶን የሚጨርሰው ዝናብ ነው» የሚባለው ነው። ከዝናቡ የባሰው ሞቅ ያለ እርጥብ ነፋስ ነው። በአየር ውስጥ ያለ 1 ግራም እንፋሎት በረዶው ላይ ውሃ ሲሆን የሚለቀው ሙቀት 7 ግራም ያህል በረዶ ያቀልጣል። ጭጋጋማ ሌሊት ሜዳውን ራቁቱን አስቀርቶት የሚያድረው ለዚህ ነው።

ውሽንፍር ወዳዱ ራዳር ላይ አፍጥጦ ይደር። እኛ ነጩን ሜዳ የምንወደው ግን የምናየው የጤዛ ነጥቡን፣ ማለትም በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ መሆን የሚጀምርበትን የሙቀት መጠን ነው፤ ከዜሮ በላይ ከወጣ በረዶው አለቀለት።